ከደሴ በላይ፣ በጥብቅ ደኑ የእግር መንገድ ላይ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተነሥቼ ወደ ጥብቅ ደኑ ሄድኩ። የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ እግሬ ለምዶ ነው። ደኑ ከሰፈራችን በላይ፣ አዲሶቹ ቤቶች ከሚያልቁበት ኮረብታ ይጀምራል፤ በዝግታ ለሚሄድ ሰው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን የቤት ክዳን ሁሉ ውጦታል። ከታች የሚሰማኝ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስላል።

የበር ጥበቃዋ ሰዓዳ ስታየኝ ብድግ አለች።

«ጋሼ ይማም! ምን ረስተው ነው?»

«ምንም አልረሳሁም። ልንሸራሸር ብዬ ነው።»

ሳቀች፤ ከዚያ መዝገቡን ከፍታ ግራ ገባት። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍዎ? ሠራተኛ ወይስ ጎብኚ?»

«ጎብኚ በይኝ» አልኳት።

ዶማ ወይም አካፋ ሳልይዝ ያንን በር አልፌ አላውቅም ነበር። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ኪሴ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ ወደ ኋላ አጣመርኩት። ከጥዶቹ ሥር ስደርስ ቆምኩ። ጠሉ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይንጠባጠባል። የወፍ ድምፅ አለ፣ ወፉ አይታይም። ያለፈው ዘመኔ ሁሉ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል የማየው መሰለኝ። ይህን ልጻፍ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ምን ስትሠራ ኖርክ ሲሉኝ «መንገድ» እላለሁ። ሰው አስፋልት ይመስለዋል። የእኔ መንገድ ግን መኪና አይቶ አያውቅም፤ ሁለት ወፍራም ሰዎች ከተገናኙበት አንደኛው ገለል ማለት አለበት። ከበሩ ተነሥቶ በጥድና በወይራ መሐል እየዞረ፣ ምንጩን በድንጋይ ተሻግሮ፣ ሰማይ በጠራ ቀን የኮምቦልቻ ሜዳ በሩቁ እስከሚታይበት ገደል ጫፍ ይወጣል። ሰው ከከተማው ጩኸት ሸሽቶ የሚሄድበት፣ ሲመለስም ፊቱ ተለውጦ የሚወርድበት መንገድ ነው። ይህን መንገድ መጠበቅ ሥራዬ ነበር።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሐርቡ ነው፣ ችግኝ ጣቢያ። ከሐርቡ የማስታውሰው ሙቀቱንና የጥላውን ጣፋጭነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በፕላስቲክ ከረጢት አፈር እየሞላን፣ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም በተቀመጥንበት እናንጎላጅ ነበር። ከዚያ ገራዶ እርከን ሥራ ላይ ዋልኩ። ወደ ደሴ ስዛወር ደብዳቤውን የሰጠኝ ጸሐፊ «ደመወዙ ያው ነው፤ የሚጨመርልህ ብርዱ ብቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ደኑ የደረስኩ ቀን ዝናብ ይወርዳል። ሠራተኛው ሁሉ በጥበቃ ቤቱ ውስጥ ተጨናንቆ ተቀምጧል። አንድ ረዥም፣ ቀጭን ሰው ብቻ ካፖርታቸውን እየቆለፉ ወደ ውጭ ሲያመሩ አየሁ። ጋሽ ጳውሎስ ነበሩ፤ የመንገዱ ኃላፊ፣ አለቃዬ የሚሆኑት ሰው።

«አዲሱ ሰው አንተ ነህ? ና፣ ውጣ» አሉኝ።

«በዚህ ዝናብ?»

«በዚህ ዝናብ ነው እንጂ! ካባራ በኋላ ምን ታያለህ? ውሃው ሄዷል።»

ተከተልኳቸው። ደኑ ውስጥ ዝናብ ሌላ ነው፤ ቀድሞ ላይ ላዩን ይጮኻል፣ ወደ መሬት የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ጋሽ ጳውሎስ እየተራመዱ ድንገት ይቆማሉ፣ ይጎነበሳሉ፤ ጣት የምታህል ውሃ መንገዱን አቋርጣ ስትሄድ ያያሉ። ቀጥሎ አቅጣጫዋን ቀይራ በመንገዱ ላይ ቁልቁል ስትወርድ ሲያገኟት «አይ፣ አንቺ ልጅ» እያሉ በዶማቸው ጫፍ በጎን ያስወጧታል። ያን ዕለት ሁለታችንም እስከ አጥንታችን ራስን። እሳቸው ግን ያንጎራጉሩ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር ዜማውን ብቻ፣ ቃሉን ሳያወጡ። የኮምቦልቻ ልጅ ናቸው፤ ጰንጤ ሆነው ያደጉ። እኔ ለሶላት ቆም ስል ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና እስክጨርስ ያንን ማንጎራጎር እንኳ ይተዉት ነበር። አንድም ቀን ስለዚህ ተነጋግረን አናውቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ በአፍ አይደለም ማለት ይቻላል። መንገድ ስንሠራ መጨረሻ ላይ ፊታቸውን አዙረው ይመለሱበታል፤ የሚወርድ ሰው የሚያየውን የሚወጣ ሰው አያየውምና። ጎብኚ ሲመጣ ወደ ኋላ ቀርተው እግሩን ይመለከታሉ። ሰው ሁለት ጊዜ የተደናቀፈበትን ድንጋይ በማግስቱ ያነሡታል። ደረጃ ሲሠሩ ቁመቱን በስንዝራቸው ይለካሉ፤ ድንጋዩን ረዥሙን ጎኑን ወደ ተራራው ሆድ አስገብተው ይቀብሩታል፤ ላዩ ላይ ይቆሙና ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛሉ። ትንሽ ቢነቃነቅ አውጥተው እንደገና ይጀምራሉ። ማፍሰሻውን፣ ማለት ውሃ መንገዱን በሰያፍ የሚሻገርባትን ትንሽ ቦይ፣ ጫማ ሳይጠልፍ ውሃ እንዲያስወጣ አድርገው መሥራት የሚችሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ይህችን አንዲት ነገር ለመልመድ አራት ክረምት ፈጀብኝ።

በጋ ላይ ደግሞ ቅጠል አንጠርግም ነበር። ኃላፊያችን አቶ ምትኩ «ለእንግዳ ቆሻሻ ይመስላል» ይሉ ነበር። ጋሽ ጳውሎስ «ለእግር ምንጣፍ ነው» ብለው ያልፉታል። በዚያ ቅጠል ላይ መሄድ እንዴት ያለ ነገር ነው! የራስህን ኮቴ አትሰማውም። ሽኮኮዎቹ ድንጋያቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሳይሸሹ ያዩሃል። አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ መሆኔን እረሳና ነቅቼ የማልም ይመስለኝ ነበር፤ ዶማዬ ትከሻዬ ላይ፣ እኔ ግን የትም።

በየማለዳው ከሚመጡት ሁሉ የማይረሱኝ እትዬ ከድጃ ናቸው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ የሚያስሩ። ጉልበቴን አመመኝ ብለው ሐኪም ሲያማክሩ እርምጃ ታዞላቸው ነው የጀመሩት፤ ከዚያ ጉልበቱም ተረሳ፣ መንገዱ ያዛቸው። «የደሴን ግማሽ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ጥቂት ጸጥታ ይገባኛል» ይሉ ነበር። ምንጩ ዘንድ ሲደርሱ ቆም ብለው ዓይናቸውን ይጨፍኑና ውሃውን ያዳምጣሉ።

አሁን የምናገረው ለመናገር የማልወደውን ነው።

አንድ የበጋ መጨረሻ ላይ ጋሽ ጳውሎስ ሴት ልጃቸውን ለመዳር ኮምቦልቻ ወረዱ፤ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስደው። በዚያ መሐል አቶ ምትኩ ጠሩኝ።

«ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። በዚህ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ገደሉ ጫፍ ለመድረስ አንድ ሰዓት ሊፈጅባቸው ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ክፈትልኝ።»

ቀጥ ያለ መንገድ በዚያ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ስንት ክረምት ውሃ ሳይ ኖሬያለሁ። ግን አቶ ምትኩ ቀጠሉ፤ «ጋሽ ጳውሎስ ጡረታቸው እየደረሰ ነው። ቦታውን የሚይዝ ሰው እየፈለግኩ ነው» አሉ። እኔም «እሺ» አልኩ። በአራት ቀን ከፈትኩት። ክትክታውን መንጥሬ፣ ሣሩን ፍቄ፣ ከታች እስከ ላይ እንደ ገመድ ቀጥ አደረግኩት። እንግዶቹ መጡ፣ ወጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ጀርባዬን መቱኝ። ወላሂ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ጳውሎስ ከሠርጉ ሲመለሱ ከታች ቆመው ሽቅብ አዩት። ረዥም ጊዜ አዩት። አልተቆጡም።

«ይማም፣ ዝናብ ሳይገባ ይህን ዝጋው። የከፈትከው አንተ ነህ፣ አንተው ዝጋው። ማፍሰሻ ቁረጥበት፣ አፈሩን መልስ፣ ሣር ትከልበት።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ጎብኚው ግን አቋራጩን ወዶታል፤ በየቀኑ ያመሰግኑኛል። ነገ እላለሁ፣ ደግሞ ነገ እላለሁ። ጋሽ ጳውሎስ ሲጠይቁኝ «እየዘጋሁት ነው» አልኳቸው። ያደረግኩት ከታችና ከላይ የእሾህ ቅርንጫፍ መጋረድ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ መጣ። በማግስቱ ማለዳ እትዬ ከድጃ ቅርንጫፉን በእንጨት ገፋ አድርገው ገቡ። ከመሐሉ ሲደርሱ ውሃ የበላው አፈር ከሥራቸው ከዳቸው።

ጩኸታቸውን የሰማሁት ከምንጩ አጠገብ ሆኜ ነው። ስደርስ በጭቃ ተለውሰው፣ እግራቸው በማይሆን አቅጣጫ ዞሮ አገኘኋቸው። አዋላጅ ናቸውና ራሳቸው አዘዙኝ፤ «አብሽር ልጄ፣ አትደንግጥ፣ በዚህ በኩል አትንካኝ፤ ሁለት እንጨት አምጣና እሰርልኝ» ይላሉ። እሳቸው ያጽናኑኛል፣ እኔ እንጨቱን በነጠላቸው አስራለሁ። አራት ሆነን ተሸክመን እስከ አስፋልቱ አወረድናቸው። ጭናቸው ተሰብሮ ነበር።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ምትኩ «ይህ መንገድ እንዲዘጋ ተብሎ ነበር? ያልዘጋው ማነው?» አሉ፤ ማስከፈታቸውን አላነሡም። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ጋሽ ጳውሎስ ተነሡና «የመንገዱ ኃላፊ እኔ ነኝ። ሄጄ በዓይኔ ማረጋገጥ ነበረብኝ» አሉና ተቀመጡ። እኔም ዝም አልኩ። ከኃላፊነታቸው አንሥተው በር ላይ አስቀመጧቸው፤ መዝገብ እንዲጽፉ። በየማለዳው ስገባ «እንደምን አደርክ ይማም» ይሉኛል። ዜማቸውን ግን አቆሙ።

ከስብሰባው በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን እትዬ ከድጃን ለመጠየቅ ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። እግራቸው ተሰቅሏል፤ ፊታቸው አንሷል።

«ያ ረዥሙ ሰውዬ፣ ጳውሎስ፣ ትናንት መጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ» አሉኝ። «ምን አድርገው? እሾሁን የገፋሁት እኔ። ሰውዬው ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።»

ብርቱካኑን እንደያዝኩ ሁሉን ነገርኳቸው፤ መንገዱን መክፈቴን፣ ውሸቴን፣ ዝምታዬን። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ፣ እትዬ።»

«ለእኔ መንገርህ ምን ይፈይዳል? እኔ የተሰበርኩት እግሬን ነው። ሂድና ስማቸውን ለሰበርክባቸው ሰው ተናገር፤ ብርቱካኑን ግን አስቀምጠው።»

ከዚያው ወጥቼ ቀጥታ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ለአቶ ምትኩ ተናገርኩ፤ በጽሑፍም ሰጠሁ። ከዚያ ወደ በሩ ወጣሁና ጋሽ ጳውሎስ ፊት ቆምኩ። እሳቸው መዝገቡን ዘጉት።

«አሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩህ፣ ይማም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተብዬ አውቃለሁ። እንደዚያ የዘለቀኝ ግን የለም።

እኔ ለቅጣት ወደ ቦሩ ሜዳ ተዛወርኩ፤ ጋሽ ጳውሎስ ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ፣ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከራተት፣ ጡረታቸው ደረሰ። ይህን ማስተካከል አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አልተስተካከለም። በቦሩ ሜዳ ሁለት ዓመት ዘር ስለቅምና የአጥር ሽቦ ስወጥር ኖርኩ። በሚኒባስ ወደ ደሴ ስመለስ በመስኮቱ ደኑን እፈልጋለሁ፤ ጠቆር ብሎ ከከተማው በላይ ተኝቷል። ሌት የማልመው ያንን መንገድ ነበር፤ እየሄድኩ፣ እየሄድኩ፣ የማልደርስበትን።

አዲስ ኃላፊ መጡና በራሴ ልመና ወደ ደኑ መለሱኝ። አቋራጩ ያኔ ሰው የሚውጥ ሸለቆ ሆኗል። ሁለት ወይራ ወድቆ ሥሩ ወደ ሰማይ ዞሯል። ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ በክረምቱ መግቢያ፣ በዝናብ፣ ከላይ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ የሚያንጎራጉር ሰው ሰማሁ። ጋሽ ጳውሎስ ናቸው፤ በዚያው ካፖርት።

«ከታች እንዳትጀምር» አሉኝ፤ ሰላምታም የለ። «መጀመሪያ ውሃው የሚገባበትን አፉን አዙርለት። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ከጉልበት የማይበልጥ የድንጋይ ክትር በየአሥር እርምጃው። ጫፍና ጫፉን ወደ ግድግዳው አስገባው፤ አለዚያ በጎን ይበላሃል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጡረታ ወጥተዋል።»

«ታዲያ ማን ይከለክለኛል? ድንጋይ አቀብለኝ።»

ሦስት ክረምት እንዲህ ሠራን። ያለ አንዲት ሳንቲም ይመጣሉ፤ እንጀራና ሽሮ በፌስታል ይዘው። ከክትሩ ኋላ በየዝናቡ አንድ እፍኝ፣ ደግሞ አንድ እፍኝ ደለል ይቀመጣል። በሁለተኛው ዓመት ሣር ታየ፤ በሦስተኛው ቀጋ አበበ። ስለዚያ ነገር ዳግም አላነሡብኝም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝም። አንድ ቀን ግን ድንጋይ ቀብሬ ስጨርስ መጥተው ላዩ ላይ ቆሙ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ተወዛወዙ። አልተነቃነቀም። «ይሄ ይበቃል» ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። ዞር ብዬ አለቀስኩ።

እትዬ ከድጃም ተመለሱ፤ በምርኩዝ፣ እያነከሱ። የታችኛውን ደረጃ ሁሉ አፍርሼ በእሳቸው እግር ልክ አሳጥሬ ሠራሁት። «አሁን የሕፃን ደረጃ አደረግከው» ብለው ቀለዱብኝ፤ ወጡበት ግን። ምንጩ ዘንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ፤ እኔም በሩቁ ቆምኩ። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ ጭጋግ ሲመጣና ሲሄድ። ጋሽ ጳውሎስ ጉልበታቸው ሲደክም ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ እዚያው ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ያ የማውቀው ዜማ በሙሉ ቃሉ ሲዘመር ሰማሁ። ቃሉ እንግዳ ሆነብኝ።

አሁን በየቀኑ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ያስቸግረኝ ነበር፤ የተደፈነ ማፍሰሻ ሳይ እጄን ይበላኛል። አንዳንዴም በጫማዬ ጫፍ ገፋ አደርጋለሁ፤ አልዋሽም። ቀስ በቀስ ግን ለቀቀኝ። ክንፏን ስትዘረጋ ውስጡ ደም የሚመስል አረንጓዴ ወፍ አለች፤ ስሟን የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ እሷን ለማየት ብቻ ግማሽ ቀን እቆማለሁ።

ባለቤቴ ጦይባ በገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራችን አንድም ቀን ደኑን አላየችም። «ነይ» ማለት እኔም አልለመድኩም፤ «ዛፍ ለማየት ማን ሱቅ ይዘጋል?» ትል ነበር። ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ጫማዬን ሳስር አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ዛሬ እኔም ልምጣ» አለች።

«ሱቁስ?»

«ሱቁ የትም አይሄድም።»

ቀስ ብለን ወጣን። ከምንጩ በላይ፣ ደኑ ገለጥ በሚልበት ሜዳ፣ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን። እዚያ ደን ውስጥ ምሳ ለመብላት ካልሆነ ተቀምጬ እንደማላውቅ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ጭጋጉ ከጥዶቹ መሐል እየተንሳፈፈ ይመጣል፣ ይሸፍነናል፣ ደግሞ ይለቀናል። ድንገት ከቁጥቋጦው ውስጥ እናት ድኩላ ከነግልገሏ ወጣች። ከእኛ አሥር እርምጃ አትርቅም። ግልገሉ እግሩ ገና ጠንቶ አልቆመም። በዚያ ሁሉ ዓመት ኮቴያቸውን እንጂ እንዲህ ቆመው አይቼ አላውቅም። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ልነሣ ስል ጦይባ እጄን ያዘችኝ።

«ተቀመጥ» አለች በሹክሹክታ።

ተቀመጥኩ። ከቤት ውጭ እጄን ይዛኝ አታውቅም። ድኩላዋ ሣሩን ቀጨት ቀጨት አደረገች፤ አንዴ ቀና ብላ አየችን፤ ከዚያ ሳትቸኩል ግልገሏን አስከትላ ወደ ጭጋጉ ገባች።

«ሄደች» አልኳት።

«አይቻለሁ» አለች ጦይባ። እጄን ግን አልለቀቀችም።